የሚታየው የቆመው ብቻ ነውን?

ባለፈው የዕረፍት ወራት ከዚህ ግቢ አራት ሆነን፣ አንድ ካሜራና ሦስት የእጅ ስልክ ይዘን፣ ባቲ ገበያ ወርደን ነበር። ቀኑ ሰኞ ነው። አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ለማስታወስ ያህል፣ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል የምትገኝ ከተማ ናት። የምትተዳደረው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሲሆን የዞኑ መቀመጫ ከሚሴ ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህችው ከተማ ስም ባቲ ተብሎ ይጠራል። ሰኞ በመጣ ቁጥር አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከታች ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ደግሞ እህሉን፣ ጫቱንና ሸማውን ይዞ ከላይ ይወርዳል። መገናኛቸው ባቲ ነው።

ይህ ገበያ ከጧት እስከ ማታ አንዲት ደቂቃ አይቆምም። ግመል ሲነሣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በመጀመሪያ የኋላ እግሮቹን ይዘረጋል፤ ጭነቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ባለቤቱ ገመዱን ይዞ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከዚያ የፊት እግሮቹ ሲከተሉ ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። አጠገቡ ፍየሎች ይተራመሳሉ፤ ደላላው የሻጭንና የገዢን እጅ ይዞ ያማታል፤ አንድ ልጅ አህያውን እያጣደፈ «ዘወር በሉ!» ይላል፤ አቧራው እስከ ትከሻ ይደርሳል። እኛም ይህን ሁሉ ጉልበት በፎቶግራፍ ይዘን ልንመለስ፣ ለግቢ ጓደኞቻችንም «አገራችን ይህን ትመስላለች» ልንል አስበን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስናነሣ ዋልን።

ማታ ከሚሴ ገብተን፣ ሻያችንን አዘን፣ ያነሣነውን ብንመለከተው አፈርን። ሰዉ ሁሉ ቆሟል! ግመል ሻጩ እጁን ከጭኑ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ጫት ሻጮቹ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ቆመዋል። ያ አህያውን ሲያጣድፍ የነበረው ልጅ እንኳ አህያውን አቁሞ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ወታደር ቆሟል። ካሜራውን ባነሣን ቁጥር ገበያው በፊታችን ተገትሮ ኖሯል፤ እኛ ግን አላስተዋልነውም። ያልቆመውስ ወዴት ሄደ? ያልቆመው ሰው በፎቶግራፉ ላይ እንደ ጢስ ደብዝዞ ስለ ወጣ፣ «ይኸኛው ተበላሽቷል» እያልን ራሳችን ስንሰርዘው ውለናል።

ከስረዛው የተረፈችው አንዲት ፎቶግራፍ ናት። በዳስ ጥላ ሥር ማሽላ ከሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆመን «እናታችን፣ አንድ ጊዜ ቀና ይበሉልን» ብንላቸው፣ ጣሳቸውን እንደ ያዙ፣ «ልጆቼ፣ እኔን አቁማችሁ ምን ታደርጉኛላችሁ? ሥራዬ መቆም ነው እንዴ? ቆዩ፣ ልስፈርና ያን ጊዜ አንሡኝ» አሉን። ሰፈሩም። በጥላው ውስጥ ብርሃኑ አነስተኛ ስለ ነበረ ፎቶግራፏ በእኛ ሚዛን የተበላሸች ናት። እጃቸው ደብዝዟል፤ ማሽላው ከጣሳው ወደ ገዢው ከረጢት ሲወርድ እንደ ቀይ ክር ተስቦ ይታያል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መካከል ሰው ሲኖር የሚታይባት እሷ ብቻ ነበረች። እነሆ ይህን አስተያየት እንድንጽፍ ያደረገን የእኒያ እናት ጥያቄ ነው። ሰዉን አቁመን ምን እናደርገዋለን?

የቆመ ብቻ የሚታይበት ዘመን ነበር፤ ያም የመሣሪያው ጉድለት ነበር። በ1838 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ከፎቅ ላይ ሆኖ በፓሪስ ቡልቫር ዱ ታምፕል የተባለውን ሰፊ ጎዳና አነሣ። ጎዳናው ሠረገላና እግረኛ የሚተላለፍበት ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያው ብርሃኑን ለመቀበል ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለ ነበር፣ የሚሄደው ሁሉ ሳይመዘገብ ቀረና ጎዳናው ባዶ መስሎ ወጣ። በአንድ ጥግ ብቻ አንድ ሰው ይታያል፤ እግሩን አንሥቶ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ነው። ለሊስትሮ ስለ ቆመ ተመዘገበ። ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ሊስትሮ ግን ከጥላ ብዙም አይለይም። አንባቢ ይህን ያስተውል! በፎቶግራፍ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ከታዩት ሁለት ሰዎች አስጠራጊው ጎልቶ ሲወጣ፣ ሠራተኛው እጁ ሥራ ላይ ስለ ነበረ ደበዘዘ።

ዛሬ ያ የመሣሪያ ጉድለት የለም። በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሚበርን ወፍ ክንፍ ለመያዝ ይበቃል። ጉድለቱ ከመሣሪያው ወደ ልማዳችን ተዛውሯል፤ ልማዱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ቤተ መንግሥት የገባው የክብር ሥራ ሆኖ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ፣ ነገሥታቱንና መኳንንቱን በካባቸውና በወንበራቸው አነሡ። በየከተማው ፎቶ ቤት ሲከፈት ደግሞ ነጋዴውም ገበሬውም እንደ መኳንንቱ ምርጥ ልብሱን ለብሶ፣ በቀለም በተሣለ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ተነሣ። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። በባቲ ያ ልጅ አህያውን አቁሞ ቀጥ ያለው «እኔም ሰው ነኝ፤ አክብራችሁ አንሡኝ» ማለቱ ነበር። ያን ክብር ልንነፍገው አንሻም። እኛ የምንለው ሰው በሥራው ላይ እያለም ያው ክብር አለው ነው።

ለሌላው አገር ሰው ይህ የጣዕም ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ለወሎ ግን ከዚያ ይበልጣል። ወሎ በዓለም ፊት በፎቶግራፍ የታወቀው ረኃብ መሬት ላይ ባስቀመጠው ጊዜ ነው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ፤ መንግሥት የሸሸገውን ተማሪው በዓይኑ አየ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀያየረ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው በኮረም ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ብዙ አገር ለእርዳታ ተነሣ።

የእነዚህን ሥዕሎች ውለታ የሚክድ ወሎዬ አይገኝም። ነፍስ አድነዋል፤ ውሸትንም አጋልጠዋል። ነገር ግን ሥዕሎቹ የተላኩበትን ሥራ ከጨረሱ በኋላ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ዛሬም በውጭ አገር የእኛ ነገር ሲነሣ በብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነው። ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ይታዘንለታል፤ ምክሩ ግን አይጠየቅም፣ ንግድም አብሮት አይነገድም።

ከዚያ ወዲህስ? ከሸዋ ሮቢት እስከ ኮምቦልቻ ወዳለው መንገድ የዜና ካሜራ የተመለሰው በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴን አልፎ ሲወርድ ነበር። እሳቱ ሲነድ መጣ፤ እሳቱ ሲበርድ ሄደ። ሰኞ በባቲ፣ እሑድ በሰንበቴ፣ ኦሮሞውና አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ተገናኝቶ ሲገበያይ የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር፣ በአንድ ማዕድ የምንበላ የአንድ ዞንና የጎረቤት ዞን ልጆች፣ አንዳችን የሌላችንን አገር የምናይበት መስኮት ረኃብና ጢስ ብቻ ከሆነ፣ ከመተዋወቅ ይልቅ መፈራራትን እንማራለን።

ኢትዮጵያዊ በእንቅስቃሴ የታየበት ጊዜ የለም አንልም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሲሮጥ ዓለም ሁሉ አይቶታል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ሲደግም ደግሞ ጃፓናዊው የፊልም አዘጋጅ ኮን ኢቺካዋ ሩጫውን ከቅርብ ሆኖ፣ ፍጥነቱንም አዘግይቶ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፊልም አሳየው። በዚያ ፊልም የአበበ ፊት ጸጥ ያለ ነው፤ አይጨማደድም፣ አፉን አይከፍትም። ጉልበቱ ከትከሻው በታች፣ ከእግሩ ጋር ይሄዳል። ከዚህ የምንማረው ጉልበትና ጫጫታ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ነው። የእኛ አገር መንዙማስ ከዚህ በምን ይለያል? አውጪው ግጥሙን ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ሲመልስ፣ ድቤው ሲፋጠን፣ ሰዉ በተቀመጠበት ይወዛወዛል እንጂ ከቦታው አይነሣም። ሆኖም በዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ኃይል የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ወሎዬ ተቀምጦም ኃይል አለው፤ ካሜራው የመጣው ግን ኃይሉ ባለቀበት ቀን ነበር።

ታዲያ እንቅስቃሴ በማይንቀሳቀስ ወረቀት ላይ እንዴት ይታያል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቅጽበቱን ቆርጦ መያዝ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሙይብሪጅ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎችን በአንድ መስመር ደርድሮ፣ ፈረሱ እየጋለበ በመንገዱ ላይ የተዘረጉትን ክሮች ሲበጥስ ካሜራዎቹ ተራ በተራ እንዲያነሡ አደረገ። በዚህም ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩን አረጋገጠ። የሚለቁትም ከሆዱ ሥር በተሰበሰቡ ጊዜ ነበር፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን እግሮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግተው ሲስሉ ኖረዋል። ዛሬ በ1/1000ኛ ሴኮንድ የሚነሣ ፎቶግራፍ ይህንኑ ያደርጋል። ግመሉ ሲነሣ ጭነቱ የት ላይ እንደሚያዘነብል ለማወቅ የሚሻ ሰው ይህን መንገድ ይምረጥ።

ሁለተኛው መንገድ ከሚሄደው ጋር መሄድ ነው። የካሜራው መዝጊያ ለ1/30ኛ ወይም ለ1/15ኛ ሴኮንድ ያህል ክፍት ሆኖ ሲቆይና አንሺው ወገቡን እያዞረ ካሜራውን ከተራማጁ ጋር ሲያስኬድ፣ ሰውየው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከበስተኋላው ያለው ቤትና ዛፍ ግን እንደ ጅረት ይፈስሳል። እኛ ይህን በከሚሴ አስፋልት ዳር ቆመን በባጃጅ ላይ ሞክረነዋል። በመጀመሪያው ቀን አንድም አልተሳካልንም። በሁለተኛው ቀን የገባን ነገር ቢኖር፣ ጣትን ከመጫን በፊት የሚመጣውን ነገር ከሩቅ መቀበልና ልኩን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። በበጋ ከብቱ በጨፋ ሜዳ ወደ ቦርከና ውኃ ሲነዳ እረኛው በስንት እርምጃ አንድ ጊዜ ዱላውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እንደሚያዛውር፣ ሸማኔው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ እግሩ መቼ እንደሚረግጥ፣ አብሮ ያልዋለ አንሺ አያውቀውም። እንቅስቃሴን ማንሣት ከመሣሪያ ዕውቀት ይልቅ የመዋል ጉዳይ መሆኑን ያወቅነው እዚህ ላይ ነው።

የአገራችን ሠዓሊዎች በበኩላቸው ያለ ካሜራ ብዙ መላ ፈጥረዋል። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን የቆዩ ሥዕሎች የተመለከተ ያስታውስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ ከሥሩ ሠራዊቱ በረድፍ በረድፍ፣ ጋሻው ከጋሻ፣ ክንዱ ከክንድ እየተደጋገመ ዓይናችንን ከዳር እስከ ዳር ይነዳዋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚስሉትም ሸራውን በብዙ ትንንሽ ክፍል ከፍለው፣ ያንኑ ሰው ደጋግመው እየሣሉ፣ ታሪኩን ያስኬዱታል። ከዘመናዊዎቹም እስክንድር ቦጎሲያን በ1964 እ.ኤ.አ. የሣለው የሌሊት በረራ ሥዕል አለ፤ ሐሤትና ፍርሃት በአንድነት ክንፍ አውጥተው የሚበሩበት ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. በሣለችው «ስታዲያ 2» በተባለው ሥዕል የስታዲየምን ሕዝብ ጉልበት አንድም ፊት ሳትስል፣ በሚሽከረከር መስመርና እንደ ባንዲራ በሚበተን ቀለም አሳይታለች። ከዚህ የምንረዳው፣ ሥራው የሚጀምረው ከዓይን መሆኑን ነው። ውድ ካሜራ የለንም ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ እንደሚነሣብን እናውቃለን።

አንደኛው «እንቅስቃሴ ካስፈለጋችሁ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የጭፈራ ሥዕል ምን ጎደለው?» የሚል ነው። የጎደለው ምክንያት ነው። አንሺው «ዝለሉ!» ስላለ የተዘለለ ዝላይ፣ ካሜራው ዞር ሲል የሚያበቃ ነው። ሠርግ ላይ ወይም በበዓል ቀን የሚጨፍር ወጣት የሚጨፍርበት ጉዳይ አለው፤ ሙሽራ አለ፣ ዘመድ አለ፣ የሚፎካከረው ጓደኛ አለ። ያ ጉዳይ በፎቶግራፉ ውስጥ ካልገባ ወጣቱ የልብስ ማሳያ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው «ሰዉ ካሜራ ሲያይ የሚቆም ከሆነ ከሩቅ ተደብቆ ማንሣት አይሻልምን?» የሚል ነው። ይህን ከመኪና ሳይወርዱ፣ ረጅም ሌንስ በመስኮት አውጥተው የሚያደርጉ እንግዶችን አይተናል። በእኛ አገር ይህ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነው፤ ገበያው ሁሉ ያያቸዋል። የሰውን ምስል ሳይጠይቁ መውሰድ የሰውን ዕቃ ሳይጠይቁ እንደ መውሰድ ነው፤ በተለይም ፊታቸው እንዲነሣ የማይፈልጉ እናቶችና እኅቶች ባሉበት አገር። መፍትሔውን እኒያ ማሽላ ሻጭ ነግረውናል። አስፈቅዱ፣ ቆዩ፣ ሥራው ሲጀመር አንሡ። በመጀመሪያው ሰዓት ሰው ለካሜራው ይቆማል፤ በሦስተኛው ሰዓት ካሜራውን ረስቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሦስት ሰዓት መቆየት ያቃተው አንሺ የቆመ ሰው ቢያገኝ ጥፋቱ የሰዉ አይደለም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረት የምናቀርበው ሐሳብ አጭርና የሚቻል ነው። ይህ ጋዜጣችን በማባዣ የሚታተም ስለ ሆነ ፎቶግራፍ ጥቁር ነጠብጣብ አድርጎት ያርፋል፤ እዚህ ልናሳያችሁ ባንችልም ግድግዳ አይጠፋም። አንደኛ፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደ ቤት የሚሄድ ተማሪ ሁሉ፣ ከሚሴም ይሁን ባቲ፣ አጣዬም ይሁን ደሴ፣ አንድ ሰው በሥራው ላይ ሆኖ አስፈቅዶ ያንሣ፤ መሣል የሚችልም ይሣል። ሁለተኛ፣ ከፎቶግራፉ ሥር ሰውየው ምን እየሠራ እንደ ነበር በሁለት መስመር ይጻፍ፤ «ባህላዊ ሕይወት» የሚል ጽሑፍ አንቀበልም። ሦስተኛ፣ የተመረጡት በምግብ አዳራሹ ኮሪደር ለአንድ ወር ይሰቀሉ። አራተኛ፣ ከዚህ ሲወርዱ ወደየመጡበት ተመልሰው በዚያው በገበያው ቀን ይታዩ፤ የተነሣውም ሰው የራሱን አንድ ቅጂ ይውሰድ። ይህ የመጨረሻው ነገር ካልተደረገ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሻላል፤ ከወሎ ተወስዶ ለወሎ ያልተመለሰ ሥዕል እስከ ዛሬ ያለው ይበቃልና።

በ1965 ዓ.ም. መምህራኑ ያንን ፎቶግራፍ በግቢ ሲያሳዩ ዓላማቸው የተደበቀው እንዲታይ ነበር። ዛሬም ዓላማው ያው ነው፤ የተደበቀው ግን ተለውጧል። ያን ጊዜ የተደበቀው ሞት ነበር። አሁን ከዓይን የተሰወረው በየሰኞውና በየእሑዱ አቧራ ውስጥ የሚሠራው፣ የሚከራከረው፣ የሚስቀው፣ ተሸክሞ የሚወጣውና የሚወርደው ሰው ነው። ደብዝዟል ብለን የሰረዝነውም እሱኑ ነው።

እኛ አራቱ ያቺን አንድ ፎቶግራፍ አሳጥበን ለእኒያ እናት ልንወስድላቸው ወስነናል። ሲያዩዋት «እጄ የት ሄደ?» ብለው ይስቁብን ይሆናል። ቢስቁም ሥራቸውን እንደማያቋርጡ እናውቃለን፤ ካሜራችንም ዝግጁ ይሆናል። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ከፈተና በፊት ስሙን ለኅብረቱ ጸሐፊ ይስጥ። እሑድ ከማለዳው ሰንበቴ እንገባለን፤ ሰኞ ባቲ ነን።